ናፍጣ የሸተተው ዳቦ

የዳቦ መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ወደ ጋራዡ ስትገባ ዝምተኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። መጀመሪያ ያያት መኪናዋን ነው። ከግራ መብራቷ ሥር ያለችውን ጭረት ያውቃታል፤ አንድ ዝናባማ ጠዋት ከበር ጋር ያላተማት እሱ ራሱ ነው። ቀጥሎ ከመሪው ኋላ ፊታቸውን አጥቁረው የተቀመጡትን ሰውዬ አየ። ከሳቸው ጎን ያለውን ወንበር ላለማየት ቆርጦ ነበር። ዓይን ግን መቼ ባለቤቱን ይሰማል? አየ። እሷም አየችው። ጨርቁ ከእጁ አምልጦ ወደቀ፤ ሊያነሣው ጎንበስ ብሎ ከሚገባው በላይ እዚያው ቆየ።

ታሪኩን ዛሬ ገና የምትቀላቀሉ አንባብያን ካላችሁ ከበር አትቁሙ፣ ግቡ። ያመለጣችሁን በአጭሩ ላውራችሁ።

ልጅቷ የዳቦ ቤቱ ባለቤት አንድያ ልጅ ናት። ሰው ሁሉ «ሚዛን» ይላታል። ሊጥ ስትመዝን አትጨምርም፣ አትቀንስም፤ ስትናገርም እንደዚያው ናት። እሱ የዳቦ መኪናዋ ሾፌር ነበር። ዳቦው ተጭኖ እስኪያልቅ ቃል ከአፉ ስለማይወጣ «ዝምተኛው» አሉት። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠው ለየሱቁ ዳቦ ሲያደርሱ ከረሙ። ፍቅርና ሊጥ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ሞቅ ያለ ቦታ ካገኙ ማንም ሳያያቸው ኩፍ ይላሉ። አባትዬው ሲሰሙ «የኔን ልጅ? ሾፌር?» ብለው ቤቱን አናወጡት። ያም ሆኖ እንደ ዝምተኛው ዳቦ ሳያደፈጥጥ የሚነዳ ስላላገኙ ጥርሳቸውን ነክሰው አቆዩት።

ከዚያ ናፍጣው ያለልክ ማለቅ ጀመረ። ሰነባብቶ ደግሞ «ዳቦው ናፍጣ ናፍጣ ይላል» የሚል ስሞታ መጣ። አባት ሁለቱን ደመሩና ሌባ አገኙ፤ ሾፌሩ ናፍጣ እየቀዳ፣ በጀሪካን ከዳቦው ጋር እየጫነ ይሸጣል አሉ። አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት «ሌባ!» አሉት። ወደ ልጃቸውም ዞረው፣ «አንቺ አብረሽው ትሄጃለሽ። መኪናው ውስጥ ናፍጣ ሸቶሽ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቋት።

«አዎ፣ ይሸታል» አለች።

ይሸት ነበራ! ሚዛን ናት፤ ምን ትበል? ዝምተኛው ግን የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ወጣ። ስልኩንም ዘጋ። እሷ «አንዲት ቃል ሳይጠይቀኝ ጥሎኝ ሄደ» ብላ አለቀሰች። እሱ «የሌብነቴ ምስክር እሷ ሆነች» ብሎ አንጀቱ አረረ። እንዲህ ነው የተለያዩት፤ ሁለቱም ተበድለው፣ ሁለቱም ተቀይመው።

«እዚህ ነው እንዴ የገባኸው?» አሉ አባት ከመኪናዋ ወርደው። ከዚያ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ጎተታቸው ሰው ዞሩ። «ገመዱን መልሰው። እንሂድ።»

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች ሚዛን። «ያላየነው ጋራዥ አለ እንዴ፣ አባዬ?»

እውነቷን ነው። ዝምተኛው ከተባረረ ወዲህ የሚነዱት አባት ራሳቸው ነበሩ፤ መኪናዋም አልሆንላቸው ብላለች። ደኅና ትነሣለች፣ ጥቂት ትሄዳለች፣ ከዚያ ትንገጫገጭና መንገድ መሃል ቀጥ ትላለች። አረፍ ስትል ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሣለች። ያዩዋት መካኒኮች ሁሉ «ናፍጣ ለሞተሩ የሚረጨው ዋናው ፖምፓ ሞቷል» ብለው አሰናብተዋቸዋል። ዛሬማ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩንባ ሲነፋባቸው፣ ሳያሳርፏት ባትሪዋን እስኪጨርሱ ሞከሩና ለገመድ በቃች።

«ደክሞኛል፣ እማ» አሉ አባት። «ማታ ሰው ይመጣል። ፈታትቶ የሚሸጥ ሰው ነው። እንዳለች ይውሰዳት።»

ዝምተኛው ይህን ሰማ። ሌብነቱም ሆነ ንጽሕናው ያለው እዚያች መኪና ውስጥ ነው። ተፈታትታ በየሱቁ ከተበተነች፣ እሱ እስኪሞት ድረስ ናፍጣ ሰርቆ የተባረረ ሾፌር ሆኖ ይቀራል። ሚዛንን «ላግባሽ» ብሎ የሚጠይቅበት ፊት አይኖረውም።

በዚህ መሃል የጋራዡ ባለቤት መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው ከቢሯቸው ወጡ። ጋሽ ማኑዋል ነው የሚባሉት። መደርደሪያቸው በቅባት የወዛ የጥገና መጽሐፍ የሞላ ነው፤ «መጽሐፉ ምን ይላል?» ሳይሉ አንዲት ብሎን አይፈቱም። ሚስታቸውን ሲያገቡም መጀመሪያ ማኑዋሏን ጠይቀዋል እያሉ ያሟቸዋል።

«የሞተ ፖምፓ?» አሉ የመኪናዋን ነገር ከሰሙ በኋላ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሞተ ነገር አረፍ ብሎ ሲነሣ አላየሁም። እስቲ ትታይ።»

አባት ልጃቸውን አዩ። ዓይኗ ይለምናል፤ መቋቋም አቃታቸው። «ይሁን» አሉ። «ግን ያ ልጅ እጁን እንዳያሳርፍባት!»

«እጁን አያሳርፍም፣ ያነባል። የኔ ዓይን ፊደሉን ጉንዳን እያስመሰለ አስቸግሮኛል። እሱ ያንብብ፣ እኔ ልሥራ። ማንበብ መንካት አይደለም። ወይስ ነው?»

«ያንብብ» አሉ አባት። መኪናዋን ገፍተው ከመፈተሻው ጉድጓድ በላይ አቆሟት፤ ጋሽ ማኑዋልም ሙሉ ባትሪ ገጠሙላት። ዝምተኛው ወፍራሙን መጽሐፍ ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ። እንደ መዳፉ የሚያውቃትን መኪና እንዳይነካ የተከለከለ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል። መጽሐፉን ጣቶቹ እስኪነጡ ጨብጦ ያዘው። ሚዛን ያንን እጅ አየችና ፊቷን አዞረች። እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ አላሰበችም ነበር።

*

መጽሐፉ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ዝምተኛው እየተረጎመ ነው የሚያነብበው፤ ሥራ በጠፋ ከሰዓት ሁሉ ጋሽ ማኑዋል አጠገባቸው አስቀምጠው አስለምደውታል።

«'ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ የሚጠፋ፣ ካረፈም በኋላ የሚነሣ ከሆነ'» ብሎ ጀመረ። «'በመጀመሪያ ታንከሩ ውስጥ ነዳጅ መኖሩን አረጋግጥ።'»

«አለ!» አሉ አባት። ከአንገታቸው ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ቁልፍ አወጡና የታንከሩን ክዳን ከፍተው ዱላ ነከሩ። እርጥቡን ዱላ ለሁሉም አሳዩ። «እዚህ ክዳን ላይ ቁልፍ ካስገጠምኩ ወዲህ ማንም አንዲት ጠብታ አይቀዳባትም። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ወርጄ ከፍቼ አያለሁ። እምነት ድሮ ቀረ።»

ይህን ሲሉ ዝምተኛውን አላዩትም፤ ቃሉ ግን አድራሻውን አልሳተም። ሚዛን ከንፈሯን ነከሰች።

«ቀጥል» አሉ ጋሽ ማኑዋል።

«ቀጥሎ የናፍጣው ማጣሪያ፣ ፊልትሮው ነው… እኔ ግን» አለ ዝምተኛው ከመጽሐፉ ቀና ብሎ፤ «እኔ ግን አየር በፊልትሮው በኩል እየገባ ይመስለኛል።»

«መጽሐፉ ነው ያለው፣ አንተ?»

«እኔ።»

ጋሽ ማኑዋል አጉረምርመው ፊልትሮውን ፈቱ፣ አዩ፣ መልሰው አጥብቀው ሞተሩን አስነሡ። አንዲት የአየር አረፋ አልነበረችም። ፊልትሮው እንከን የለውም።

«አየህ!» አሉ አባት ለማንም ሳይሉ። «ድሮም እንዲህ ነው። የማያውቀውን አውቃለሁ ይላል፣ የሚያውቀውን ይደብቃል።»

የዝምተኛው ጆሮ ቀላ። ከዚያ ወዲያ ከራሱ አንዲት ቃል ላለመጨመር ማለ፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ እያነበበ ሄደ። «'ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ነቅለህ፣ ንጹሕ ናፍጣ ካለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ አስገባ። ሞተሩ ከዚያ እየጠጣ ሳይጠፋ ከሠራ፣ ፖምፓው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከታንከሩ ወገን ነው።'»

ጋሽ ማኑዋል ወደ ጓዳ ገብተው ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ይዘው መጡ።

«ጀሪካን!» ብለው ሳቁ አባት። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ይኼንንስ እሱ በደንብ ያውቅበታል።»

ሚዛን ራመድ ብላ ጀሪካኑን ከጋሽ ማኑዋል እጅ ተቀበለች። «እኔ እይዘዋለሁ» አለች። «ከዚህ በኋላ ጀሪካን ይዛ የታየችው እኔ ነኝ። ሌባ የምትለው ካለህ እኔን በለኝ፣ አባዬ።»

አባት ደንግጠው ልጃቸውን አዩና የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጡ። ቱቦው ጀሪካኑ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ ተነሣ። አባት በጋቢናው ውስጥ ነዳጁን ረግጠው፣ ጋሽ ማኑዋል በሞተሩ ላይ አጎንብሰው ሲያዳምጡ፣ ሚዛን ከመኪናዋ ኋላ ጀሪካኗን ይዛ ቆመች። መጽሐፉን የያዘው ሰው ብዙም አይርቃትም። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ እሱ ካልሆነ ማንም ሊሰማት አይችልም።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ለምን እንደዚያ አልሽ ብለህ!»

«ሰማሁሽ እኮ። ሰልፉ ሁሉ ሰማሽ።»

«ይሸታል ነው ያልኩት። ሰረቀ አልኩ?»

«ከዚያ ወዲያ ምን ቀረው?» ዓይኑን ከመጽሐፉ አላነሣም። «በዚያ ሰዓት ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

«ዝም ብል ያው ምስክርነት ነበር! ለአባቴ አላውቅም ብዬ ብዋሽ፣ የምትዋሺው ልትሸፍኚው ነው ይለኝ ነበር።» ጀሪካኑን አስተካክላ ያዘች። «አንተስ? አንተን አልሸተተህም?»

ሞተሩ ያጓራል። መኪናዋ ሁልጊዜ የምትጠፋበት ጊዜ እየደረሰ ነው፤ የሁሉም ጆሮ ቆሟል።

«ሸቶኛል» አለ በመጨረሻ። «ቀን ቀን ሥሯ እየገባሁ አይ ነበር። ደረቅ ነው። ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አቃተኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ያምነኛል?»

«እኔ!» አለች። «እኔ ነኛ! አንድ ሰው አይበቃህም ነበር?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ከተለያዩ ወዲህ በደንብ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው። ከስታለች። ያከሳት እሱ ራሱ መሆኑን አወቀ፤ ከሌብነቱ ስም ይልቅ ያ ከበደው።

ሞተሩ አልጠፋም። አባት ነዳጁን ረገጡ፣ ለቀቁ፣ መልሰው ረገጡ። አሁንም አልጠፋም። ጋሽ ማኑዋል እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙ። «ፖምፓችሁ ሕያው ነው። በቁሙ ሊቀብሩት የነበሩትን መካኒኮች ይቅር ይበላቸው።»

ቱቦው ወደ ታንከሩ ተመለሰ። ታንከሩም እንደ ወትሮው ተቆለፈ። እንደገና አስነሥተው ጠበቁ፤ ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ አጓራች፣ ቀጥ አለች።

«'ሞተሩ እንደጠፋ ሳትዘገይ የታንከሩን ክዳን ክፈት'» ሲል ዝምተኛው አነበበ፤ «'ስትከፍት ጆሮህን አስጠጋ።'»

አባት ቁልፏን ከአንገታቸው አወጡ። ክዳኑ ሲላቀቅ ረጅም፣ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲሮጥ። ጋሽ ማኑዋል ቁልፉን አዙረው ቢያስነሧት መኪናዋ ባንድ ጊዜ ተነሣች።

«ይኼ ክዳን የሌላ መኪና ነው፣ ወንድሜ» አሉ ሽማግሌው ለስለስ ብለው። «የጥንቱ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። ናፍጣ ሲወጣ በቦታው አየር ይገባል። ይኼኛው ድፍን ነው። ታንከሯን አፍነዋት ነው የከረሙት። ሌባ ነክቷት ይሆን ብለው ሲከፍቱ ትተነፍሳለች፣ ትነሣለች። መልሰው ሲቆልፉ ደግሞ ትታፈናለች።»

የአባት ፊት አመድ መሰለ። የቆለፉት እሳቸው፣ ያሳመሟት እሳቸው። ሚዛን በልቧ እሰይ ልትል ነበር፤ የአባቷን ጎበጥ ያለ ትከሻ ስታይ ግን ተወችው።

*

«በቃ፣ ታወቀ» አሉ አባት። «አመሰግናለሁ። ክዳኑን እቀይራለሁ። እማ፣ ግቢ እንሂድ።»

«ገጹ አላለቀም» አለ ዝምተኛው።

«ምን አልክ?»

«ገጹ አላለቀም፣ ጋሼ። አንድ መስመር ይቀራል።»

«ብልሽቷ ተገኝቷል! ከዚህ በላይ ምን ታነብባለህ? ልታዋርደኝ ነው?»

«እኔ ጋ መጽሐፍ ከመሃል አይከደንም» አሉ ጋሽ ማኑዋል። አባት ግን የጋቢናውን በር ከፍተው አንድ እግራቸውን አስገብተው ነበር። ዝምተኛው መጽሐፉን ሊከድን እጁ ተንቀሳቀሰ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሲገፉት ይወጣል፣ ቁልፉን ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። ሚዛን ያንን እጅ ስታይ ነፍሷ ደነገጠች።

«አትክደነው!» ብላ ጮኸች። «አሁን ከከደንከው እኔ ሁለተኛ አልጠይቅህም። አንብብ!»

ጉሮሮውን ጠረገ። «'ከታንከሩ ጎን ያለው ትንሹ ፖምፓ ነዳጁን ገፍቶ ወደ ፊት የሚልክበትን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከት። ሞተሩ እየሠራ ተመልከት። ሞተሩ ቆሞ ማየት…'» ድምፁ ተቆረጠ። መስመሩን ለራሱ ደግሞ አነበበውና ቀና አለ። «'ሞተሩ ቆሞ ማየት በቂ አይደለም።'»

«እና?» አሉ አባት።

«ቆማ ነው ያየናት፣ ጋሼ። እኔም ሥሯ ስገባ አጥፍቼ ነበር። እርስዎም አጥፍተው ነው ያዩት። ስትቆም የሚገፋው የለም፤ ደረቅ ትሆናለች።»

ሚዛን የእጅ መብራቱን ከመንጠቆው ነጥቃ ወደ መፈተሻው ጉድጓድ ደረጃ ወረደች። «እማ! ልብስሽ!» ብለው ተጣሩ አባት። አልሰማቻቸውም። ሞተሩ ገና አልጠፋም፤ ከጭንቅላቷ በላይ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። መብራቱን ከፍ አድርጋ ከታንከሩ ጀምራ ቱቦውን በዓይኗ ተከተለችው። ደረቅ፣ ደረቅ፣ አሁንም ደረቅ። የዳቦው መደርደሪያ የሚቀመጥበት የእንጨት ወለል ሥር ስትደርስ ቱቦው ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ሳስቶ ነበር። ከሳሳው ቦታ አንዲት ጠብታ አበጠች፤ ወደ መሬት አልወደቀችም። በንፋስ ኃይል እንደተተፋች ወደ ላይ ተፈናጥራ እንጨቱ ውስጥ ሰረገች። ሌላዋ ተከተለቻት። እንጨቱ ጠቁሯል፣ ርሷል። ጣቷን አስነክታ ወደ አፍንጫዋ አመጣች።

«ይሸታል!» ብላ ጮኸች ከጉድጓዱ ውስጥ። ያን ጠዋት በሰልፉ ፊት ያለችው ያው ቃል ነው። «አባዬ፣ ይሸታል!»

ላይ ቆሞ የነበረው ሰው መጽሐፉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። የጎማ ቁልል ላይ ቁጭ አለ።

ሚዛን ወጣች። ቀሚሷ ተበላሽቷል፣ ጉንጯ ላይ ጥቁር ቅባት አለ። እጇን አባቷ አፍንጫ ሥር ዘረጋች። አባት አሸተቱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። ድምጿ የልጅ ድምፅ አልነበረም። «ቁልፉን ካስገጠምክ በኋላ ናፍጣው መጉደሉን አቆመ?»

ጋሽ ማኑዋል ሞተሩን አጠፉት።

«አባዬ፣ በየቀኑ ዱላ ትነክር ነበር። አቆመ?»

«አላቆመም» አሉ አባት።

«መቼ አወቅህ?»

«ወዲያው ነው ያወቅኩት፣ እማ። ወዲያው።» የጋቢናውን በር ተደገፉ። «ቁልፉ እኔ አንገት ላይ፣ ናፍጣው ግን ይጎድላል። እሱ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ምን ብዬ ልናገር? ሰው በተሰበሰበበት ሌባ ብዬ ያባረርኩትን ልጅ፣ ተሳስቼ ነው ልበል? በዚህ ዕድሜዬ ቃሌን ልጠፍ?»

«ያንተ ቃል እንዳይታጠፍ የሱ ስም ይጥፋ?»

ሚዛን ማልቀስ ጀመረች፤ እዚያው ቆማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን። እስከ ዛሬ ያለቀሰችው ተወኝ ብላ ነበር። አሁን ግን የምታለቅሰው አባቷ በየማታው ራት ሲበሉ፣ እሷ ሳህኗን ሳትነካ ስትነሣ እያዩ፣ እያወቁ ዝም ያሉበትን ማታ ሁሉ ነው።

*

ጋሽ ማኑዋል የሳሳውን ቱቦ ቆርጠው በአዲስ ተኩ። ስለሌላው ነገር አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ መጽሐፋቸውም ስለዚህ የሚለው አልነበረም። አባት ከወንበሩ ሥር ባለችው ሳጥን ውስጥ ጎርጉረው የጥንቱን ክዳን አወጡ። አልጣሉትም ነበር። ቁልፍ ያለውን ክዳን ፈትተው፣ ቁልፏንም ከነክሩ ከአንገታቸው አውልቀው የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ የጥንቱን በቦታው ገጠሙ። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ይዘው ጎማው ላይ ወደተቀመጠው ሰው ሄዱ።

«እንካ» አሉት። «አንተ ንዳት።»

ዝምተኛው ተነሣ። እጁን ግን አልዘረጋም። «ጋሼ» አለ ቀና ብሎ። «ሌባ ያሉኝ ለብቻዬ ጠርተው አልነበረም።»

«ምን ላድርግልህ ታዲያ?»

«ሰልፉ ፊት ነው ያሉኝ። አሁንም እዚያው፣ ሌባ አለመሆኔን ይናገሩልኝ።»

የአባት አንገት ጅማት ተገተረ። ሚዛን አባቷን ታውቃቸዋለች። አሁን ቁልፉን ወርውረው ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች። ያን ጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አወጡና አዩት። ፈታትቶ የሚሸጠው ሰው ነው። ስልኩ ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ እጃቸው ላይ ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

መኪናዋን ዞሩ፤ በሾፌሩ በኩል ሳይሆን በዚያኛው። በሩን ከፍተው ዳር ላይ ተቀመጡና ፊት ለፊት እያዩ፣ «ኑ ግቡ» አሉ። «የማታው ሰልፍ ሳይበተን።»

ሦስቱም በአንድ ረድፍ ተቀመጡ፤ ሚዛን መሃል። ዝምተኛው ቁልፉን ተቀብሎ መኪናዋን አስነሣ። መኪናዋ ሁልጊዜ የምትጠፋበት ዳገት ላይ ሲደርሱ ሦስቱም አንድ ላይ ትንፋሻቸውን ያዙ። ዝምተኛው ማርሽ ቀየረ። ዳገቱ አለቀ፤ ሞተሩ እንደ ጤነኛ ሰው መተንፈሱን ቀጠለ። ሚዛን የተበላሸ ቀሚሷ ላይ ባጣመረችው እጇ ላይ ትኩስ ነገር ጠብ አለ፤ የማን ዕንባ እንደሆነ ለማየት አልደፈረችም።

ከዳቦ ቤቱ በር ጀምሮ ሰልፉ እስከ ጥግ ድረስ ተዘርግቷል። ሰዎች የመኪናዋን ሾፌር ሲያዩ ተጠቋቆሙ። አባት በሩን ከፍተው ወረዱ። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ ሰልፉ ራስ ሄዱ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ በሞተሩ ጩኸት ግን አይሰማም። አንድ በአንድ ራሶች ወደሳቸው ዞሩ።

«ላጥፋው?» አለ ዝምተኛው። እጁ መሪው ላይ ደርቋል። ለመስማት ፈርቶ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ የጠበቀውን ቃል ለመስማት።

ሚዛን እጇን ዘርግታ ቁልፉን ራሷ አዞረችው። መንገዱ ጸጥ አለ። ክፍት በቀረው በር የአባቷ ድምፅ ገባ፤ ሻካራ፣ ያረጀ፣ ሁሉም እንዲሰማ ከፍ ያለ። «…ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

እሷ አባቷን አላየችም። የምታየው የዝምተኛውን አገጭ ነበር፤ እንደ ሕፃን አገጭ ይንቀጠቀጣል። ናፍጣ የነካ እጇን እጁ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቹን በጣቶቿ መሃል አስገብቶ ጨበጣቸው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አልለቀቃትም።